የሉሺየስ ባርኔጣ

ለውዷ እህቴ ለቬርዴል፣

የቺካጎ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እዚህ ጆርጂያ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን።

የማግኖሊያው ዛፍ አብቧል፤ የድሮ ቤቶቹን ሊያይ የመጣው እንግዳም አደባባዩን ሞልቶታል። ባለቤቴ ሉሺየስ ግን ዘንድሮ አያስጎበኝም። አሠሪዎቹ መርሳት ማብዛቱን አይተው "እስቲ ይረፍ" አሉ፤ እኔም ይረፍ አልኩ። የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ፣ እዚያ የተሸጡትን ባሪያዎች ስም ለእንግዶች ሲጠራ ታስታውሺዋለሽ፤ የሞተ ሰው ስም፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ ከአፉ አይወጣም።

አሁን የሚያስጎበኘው የራሳችንን ቤት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በረንዳው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

"እንኳን ደህና መጡ፣ እመቤቴ። ደረጃዋን ጠንቀቅ ይበሉ" አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅኩ።

"ይህን ቤት ሉሺየስ የሚባል ሰው ነው ለሙሽራ ሚስቱ የሠራው። የኮክ ኬክ ስትጋግር ሽታው አደባባዩ ድረስ ይሄድ ነበር።"

"ስሟ ማን ነበር?" አልኩት።

ባርኔጣውን አወለቀ። "ኦዜላ" አለኝ።

ቅዳሜ ከጋገርኩት ኬክ ቆርሼ ሰጠሁት። "ይጣፍጣል፤ የእሷን ግን አያህልም" አይለኝም!

ልጆቹን ሳሚልኝ። ለቤተሰቡ መሰባሰቢያ ሐምሌን አትጠብቂ፣ ቶሎ ነይ።

በሕይወት ያለችው እህትሽ፣
ኦዜላ