የቡርቂቱ አሸዋ

ግንቦት 4
ቆቦ ዛሬ ንዳድ ናት። ሹፌሬ ኢብሮ ሲኖ ትራኬን ይዞ ሁለት ጊዜ ከቡርቂቱ የምንሸጠውን አሸዋ አመላለሰ። ጅረቷ ደርቃለች፤ አሸዋዋ ግን ንጹሕ ነው፣ ማጠብ አይፈልግም።
ከሰዓት በኋላ ራሔል የምትባል የካርታ ባለሙያ ሱቄ መጣች። የሚከራይ በቅሎ ፈልጋ ነው። "በጋ የሚደርቁትን ትናንሽ ጅረቶች ሳይቀር ከምንጫቸው ጀምረን እንመዘግባለን" አለች። ካርታ ላይ የገባ ጅረት በሕግ ይጠበቃል። አሸዋ መቆፈር ክልክል ይሆናል።
በቅሎ አገኘሁላት። ስለ ቡርቂቱ አላነሳሁም።

ግንቦት 7
ኢብሮ እየሳቀ መጣ። "እትዬ ዘኪያ፣ የቡርቂቱ ሽማግሌዎች ውሃቸውን ደበቁ!"
ራሔል መንደራቸው ወጥታ ነበር። ጎርፉን ለየማሳው በተራ የሚያካፍሉት የውሃ አባት፣ ሸህ ሙሀመድሰይድ፣ "እዚህ ጅረት የለም፤ አልፎ ሂያጅ ጎርፍ ነው" አሏት። የቀሩትም "የለም፣ የለም" አሉ። ግብር ይመጣብናል ብለው።
"እነሱ ካዷት፣ ለእኛ ተረፈች" ይላል ኢብሮ።
እውነቱን ነው። ታዲያ እኔ ምን ሆኛለሁ?

ግንቦት 9
እዚህስ ልጻፈው... አምና በሐምሌ ጎርፉ መንደርተኞቹ ወደ ማሳ ከሚመልሱበት መጥለፊያ በታች አልፎ ሄደ። እኛ አሸዋውን ቆፍረን የጅረቷን ወለል ስላወረድነው ወደ ቦያቸው መውጣት አቃተው። ማሽላው እንደቆመ ደረቀ። እነሱ "በኃጢአታችን ነው" ብለው ዱአ ተቀመጡ። እኔም በግ ይዤ ሄድኩ። አሚን አልኩ።
ዘንድሮም ከደረቀ መንደሩ ይፈታል።

ግንቦት 10
ሸሁ ቤት ሄድኩ።
"ሸህ፣ ውሃችሁን ለምን ካዳችሁ?"
"የተጻፈ ይወሰዳላ። አባቴ ከብቱን ለጸሐፊ ቆጥሮ አያውቅም።"
"ያልተጻፈውንም እኔ ወሰድኩት።"
ስለ አሸዋው ሁሉንም፣ ካርታ ላይ የገባ ጅረት እንደማይቆፈርም ነገርኳቸው።
"በጉን ስታመጪ ታውቂ ነበር?"
"አውቅ ነበር።"
ተነስተው ገቡ። ውጪ ብቻዬን ቀረሁ።

ግንቦት 12
ጠዋት ላኩብኝ፦ "ልጅቱን ይዘሽ ነይ።" ወጣን። ሸሁ ፊት ፊት፣ ራሔል ከኋላ በመሣሪያዋ ነጥብ እየያዘች። ድንጋይ ሥር መዳፍ የምታክል እርጥብ ቦታ አሳዩን። ከዚያ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ። አምስት ምንጮች ናቸው። ሁሉንም በስም ጠሯቸው።
"እነዚህ ሁሉ ስም አላቸው?" አለች ራሔል።
"አንቺስ ስም የለሽም እንዴ?"
ታች ስንደርስ አሸዋ የወጣባቸውን ጉድጓዶች አየች። "የማን ልበል?"
ሸሁ ወደ እኔ አላዩም።
"የእኔ በይ" አልኳት።

ሰኔ 20
ካርታው እስኪጸድቅ ቁፋሮ ታግዷል። ኢብሮ ዋጃ ላለ ነጋዴ መንዳት ጀመረ። "አበድሽ እትዬ" ብሎኝ ሄደ።

ሐምሌ 19
የመጀመሪያው ጎርፍ ትናንት መጣ። ዘንድሮም ከታች አለፈ። ጉድጓዱ እስኪሞላ ስንት ጎርፍ ይፈጃል... መጥለፊያውን ወደ ላይ ሊያወጡት ነው።
ለዚህ ሥራ የሚጠራው ማሳ ያለው ብቻ ነው። የቀረ ይቀጣል። ዛሬ ጠዋት የመንደሩ ለፋፊ ሱቄ ደጃፍ ቆመ።
"ዘኪያ! ለመጥለፊያው ሁለት ሸክም እሾህና ጭራሮ፣ ነገ በማለዳ! ሸሁ ናቸው ያሉት።"
ማሳ የለኝም። የውሃ ተራም የለኝም። አልተከራከርኩም።
ሦስት ሸክም አስቆርጫለሁ።