የግራ እጅሽ ትንሿ ጣት

ውድ እታለም፣

ከሁሉ በፊት እንደምን ከርመሻል? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ እንዴት ነው? እማዬ ጉልበቷን ተሻላት? ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው? ፌንጣችንስ እንደ ቅጽል ስሟ እየዘለለች ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ አደብ አስገዛልሽ? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ደህና አይደለም። ይህን ደብዳቤ በደስታ ጀምሬ በሐዘን ነው የምጨርሰውና ታገሺኝ።

በስልክ ድምፁን የሚልክ ሰው ዛሬ ደብዳቤ ምን አሰኘው ትይ ይሆናል። እነሆ ያ ስንት ጊዜ በወሬው ያደነቆርኩሽ ኪቦርድ አለቀ። በእሱ መጀመሪያ የሚጻፈው ላንቺ የሚላክ ደብዳቤ እንዲሆን ለራሴ ቃል ገብቼ ስለነበር እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ ይዤው መጣሁ።

መልኩን ብታዪው ትስቂያለሽ። መሐሉ ላይ ለሁለት የተገመሰ ነው። ሁለቱ ግማሾች ወደ ውስጥ በኩል ከፍ ስለሚሉ መዳፍሽ ጠረጴዛው ላይ አይደፋም፤ መጽሐፍ እንደያዘ ሰው እጅሽ በጎኑ ያርፋል፣ አንጓሽም ሳይታጠፍ ቀጥ ይላል። ከምንጣፍ መሸጫው በላይ ባለችው ጠባብ የሥራ ክፍላችን ውስጥ ለናሙና ስንቱን ጭቃ አድቦልቡለን እንደጣልን እኔ ነኝ የማውቀው። አለቃችን ሐሳብ ታመጣለች፣ እኔ እነድፋለሁ፣ ቅርጽ አውጪው ደግሞ ያሉትን ሁሉ «ይሁና» እያለ ይሠራል። በሆዴ አቶ ይሁና ነው የምለው።

ሲያልቅ ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ የሚውሉ ሰዎች ጠርተን አስሞከርናቸው። ሁሉም የሚጽፉት በዚህ አገር ቋንቋ ነው። አንጓችን አረፈ አሉ። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፦ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ብዙ ሥራ ስለሌላት ቁልፏ ላይ ስታርፍ ሳያስቡት ትጫነዋለች፣ ያልፈለጉት ፊደል ይገባል። መፍትሔውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የዚያችን ጣት ቁልፍ ጠንከር እናድርገው፣ ትንሽም ወደ ውጭ እናርቀው አልኩ። አለቃዬ እጄን ጨበጠችኝ፣ አቶ ይሁናም ይሁና አለ።

እሁድ ዕለት ሰላምታዬን መጻፍ ጀመርኩ። እማዬን ጠይቄ፣ ባልሽን ጠይቄ፣ ፌንጣ ጋ ስደርስ ትንሿ ጣቴ ዛለች። መጀመሪያ ተኝቼባት ይሆናል ብዬ አሸኋት። ከዚያ ነገሩ ሲገባኝ ክው አልኩ። በእኛ ፊደል አንዷን ሆሄ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለቴ መምታት ነው። ላ፣ ማ፣ ራ፣ ና ባልን ቁጥር ደግሞ ሁለተኛውን የምትመታው ያቺው የግራ ትንሿ ጣት ናት። ሥራ የላትም ብዬ ጠንካራና ሩቅ ቁልፍ የሰጠኋት ጣት በእኛ ቋንቋ እረፍት የላትም። እዚህ የምሠራው በሰው ቋንቋ፣ ከናንተ ጋር የማወራው በድምፅ፤ ሥራው እስኪያልቅ በፊደላችን አንዲት መስመር አልሞከርኩበትም።

አንቺ እኮ ነግረሽኝ ነበር። ሕመሙ ከትንሿ ጣቴ ጀምሮ እስከ ክርኔ ይዘልቃል ብለሽኛል። እኔ ግን እንደ ሐኪም ተኮፍሼ፣ የለም፣ ነገሩ ያለው አንጓሽ ላይ ነው አልኩሽ። አንቺም እንደ ልማድሽ ዝም አልሽ። አሁን ያ ዝምታሽ ያንገበግበኛል።

ሰኞ ጠዋት አለቃዬን ገብቼ ነገርኳት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ግን ኪቦርዱ የሚቀረጽበት የፋብሪካው የብረት ቅርጽ ተቆርጦ አልቋል፣ በናንተ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ብዬ እንደገና ላስቆርጥ አልችልም አለች። አዝናለሁም አለችኝ፤ ያዘነችም ይመስለኛል። ለአንዷ ለእህቴ ብቻ ቢሆንስ ብዬ አቶ ይሁና ጋ ሄድኩ። የቁልፉን ሞላ አውጥተን ለስላሳ ቀየርንበት። ቦታውን ግን ምን እናድርገው? ጣት ተለጥጦ ካልሆነ አይደርስበትም። ገልብጦ ገልብጦ አየውና «አይሆንም ወንድሜ» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰላምታው በታች ያለውን በሙሉ በእስክሪብቶ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ደውዬ ልነግርሽ ደጋግሜ ሞከርኩ። ድምፅሽን ስሰማ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁ።

አሁን የምልሽን በጥሞና ስሚኝ። የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ከጽሕፈት ክፍል ወደ መዝገብ ቤት ላዛውርሽ ሲልሽ እንቢ ያልሽው በእኔ ምክንያት ነው። ትንሽ ታገሺ፣ የእኔ ኪቦርድ ይደርስልሻል ብዬሽ በዚያ በታመመ እጅ ውሳኔ ስትተይቢ ከረምሽ። ሐኪሙ ጣቷ እየሰለለች ነው ማለቱን እማዬ ናት የነገረችኝ፤ አንቺማ አትናገሪም። እታለም፣ አትጠብቂኝ። የሚደርስልሽ ነገር የለም። ቦታው ሳይያዝ ነገውኑ ገብተሽ እሺ በዪው። ፋይል ማውጣትና መመለስ ብቻ ነው ብለሽ እንዳትንቂው። በሙያሽ ኩሩ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ ይህን ስለምንሽ እያፈርኩ ነው።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ልጄ ለእህቱ መድኃኒት ሠራላት ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች አሉ፤ እውነቱን አንቺው በዘዴ ንገሪያት፣ እኔ አልችልም። ለባልሽ፣ ከወንድም ለማይተናነሰው ለጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ውኃውን እሱ ይቅዳ፣ ልብሱንም እሱ ይጭመቅ። ፌንጣዬ፣ አንቺን ደግሞ በሁለቱም ጉንጭሽ ስሜሻለሁ። እናትሽ ጸጉርሽን ልትሠራሽ ጀምራ መሐል ላይ እጇ ከደከመባት፣ እኔ የምወደው እንዲህ ግማሹ ሲፈታ ነው በያት።

ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን