ከሱሉልታ ያመጣሁት ጠመንጃህ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ልበልህ ወይስ ይቅር? ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገብቷል። ቡራዩ እንደ ልማዱ ጭቃ ነው፣ እኔም እንደ ልማዴ ተናድጃለሁ። እማዬ ለሞተ ሰው ንዴት አይጻፍም ትላለች። ለማን ልጻፈው ታዲያ? የተናደድኩት ባንተ የተነሳ ነው።

ቤቱ ተለውጧል። ጠመንጃዎችህ ተሰቅለውበት የነበረውን ክፍል ለሁለት እህትማማቾች አከራይተነዋል። አዲስ አበባ ነው የሚሠሩት፤ ጠዋት ጠዋት የአስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናቸው። ግድግዳው ላይ የቀሩትን ምስማሮች እንንቀላቸው ቢሉኝ እምቢ አልኩ። አሁን ቦርሳና ጃንጥላ ይሰቅሉባቸዋል።

ዕድሜህን ሙሉ በሠራዊቱ ግምጃ ቤት መሣሪያ ስትጠግን ኖረህ፣ ሌላው ጡረተኛ ዶሮ ሲያረባ አንተ የማይተኩስ ጠመንጃ መሰብሰብ ያዝክ። ያውም ያገኘኸውን ሁሉ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ የተሠሩትን፣ ንድፋቸው ግን ከዚያው ጦርነት የተወረሰውን ብቻ ነበር የምትፈልገው። ቻይና አስመስላ የሠራችውን የሩሲያ ፔፔሻ ጠመንጃ፣ ጣሊያን ከአሜሪካው ኤም ዋን የቀዳውን። ሰላም መጣ ተብሎ እነዚህ ግን የአባታቸውን መልክ ይዘው ተወለዱ እያልክ ትስቅ ነበር። ዱከም ሄዶ ሊቀልጥ ከተከመረ ውራጅ ብረት መሐል የሰበታን ነጋዴዎች እየለመንክ ነበር የምታወጣቸው። ይዘህ ስትመጣ ፊትህ ላይ የነበረውን ደስታ ሙሽራ ላይ እንኳ አላየሁትም።

ግድግዳ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ግን ሥርዓት ነበረህ። ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ታወጣለህ፤ አፈሙዙን ከውስጥ፣ ጠለቅ ብሎ፣ በብየዳ ታስደፍናለህ። መልካቸው እንዳይበላሽ ከውጭ ምንም እንዲታይ አትፈልግም ነበር። የሚበይድልህ ከጓሯችን አጥር ጀርባ ያለው ታደለ ነው። ጋሽ ማለቱን ትቻለሁ፣ አትቆጣኝ። ጎረቤት አይቶ እንዳይደነግጥ በጋቢ ጠቅልለህ በአጥሩ ቀዳዳ ታቀብለው ነበር። እማዬ ብረትህን ማየት ስለማትወድ ይህን የምናውቀው እናንተ ሁለታችሁና እኔ ብቻ ነበርን።

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን የከታ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ ሲጤስ፣ ታደለንም ፖሊሶች ከብየዳ ሱቁ በር ላይ ከወጣቶቹ ጋር አፍሰው ወሰዱት። ያጠፋው ነገር አልነበረም፤ ያንን አልክድም። ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። እሱ በተፈታበት ቀን አንተን ወሰዱህ። ጠመንጃዎቹን ከምስማር እያወረዱ መኪና ላይ ሲጭኑ፣ አይተኩሱም ልጆቼ፣ ውስጣቸውን እዩት እያልክ ተከተልካቸው። በዚያ ሰሞን የጠመንጃ አፍ ውስጥ የሚያይ ማን ነበር? የስኳር መድኃኒትህን ይዤ በር ላይ እየዋልኩ ተመለስኩ፤ አላስገቡልኝም። በመጨረሻ አስከሬንህን ሰጡን።

የጠቆመህ እሱ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ የእድሩ ሽማግሌዎች ታደለን ጠየቁት። መስቀል ጨብጦ ማለ። ጠመንጃዎቹን በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ፣ በመስኮት አይቶ የሚተኩሱ መስለውት ለሰፈሩ ብሎ እንደተናገረ። የደፈናቸው ራሱ ነው ብዬ ጮህኩ። ሐዘን ነው የሚያናግራት ተባልኩ። ብረቱ የለ፣ ሌላ ምስክር የለ። ይባስ ብለው የእድሩን ድንኳን ያዥ አደረጉት። የሙት ዓመትህን ድንኳን የተከለው እሱ ነው፣ አባዬ! ካስማውን ሲመታ እያየሁ፣ ይህን ሰው ቀባሪ ሳላሳጣው እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ።

አንድ ጠመንጃ መትረፉ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሰደፉን በነሐስ ሽቦ ያሰርከው የቻይናው ሲሞኖቭ፣ ለሱሉልታው ወዳጅህ ለኦቦ ገመዳ ለጌጥ ያዋስካቸው። ሄድኩ። ኦቦ ገመዳ «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ»፣ እንዴት ነሽ ልጄ ብለው አቀፉኝና ለምን እንደፈለግኩት ሳይጠይቁ ጠመንጃውን ከግድግዳ አወረዱልኝ። «አባትሽ እልኸኛ ነበር፤ አንቺ ደግሞ ባስሽበት» አሉኝ። በምንጣፍ ጠቅልዬ፣ ፍተሻዎቹን አልፌ፣ ቡራዩ አስገባሁት።

የእድሩ ስብሰባ ላይ ይዤው ገባሁ። ታደለ ፊት ለፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ተነሳሁ፣ ምንጣፉን ገለጥኩ፣ ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግንባሩ ላይ አነጣጠርኩ። ብታየው ትስቅ ነበር። አግዳሚው ሁሉ ተገለበጠ፤ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ሥር ገቡ፤ ቄሱ በጃንጥላቸው ተከለሉ። ታደለ ብቻ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም እንደ ልጅ ጨዋታ አይቶኝ ፈገግ አለ። ከዚያ ወለል ላይ የተኛው ሰው ሁሉ እሱን እያየው መሆኑን አስተዋለ።

«አንተ ሰው፣ ምነው አልሸሸህ?» አሉት ሊቀ መንበሩ ከጠረጴዛው ሥር እንዳሉ።

«ይሄ እኮ አይተኩስም፤ ውስጡ ድፍን...» አለና ምላሱን ነከሰ። ሽማግሌዎቹ ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብለው በአፈሙዙ ሽቦ ሰደዱ። ሽቦው መሐል ላይ ቆመ።

ጎንበስ ቢል ኖሮ አባዬ፣ አንዴ እንኳ ደንገጥ ቢል ኖሮ እኔም አምነው ነበር። እውነትም ሳያውቅ ነው ብዬ ምንጣፌን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። እሱ ግን የገዛ እጁን ሥራ አመነበት።

በሐሰት ምሏል ብለው ከእድሩ አስወጡት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም፣ አንተ ከሞትክ ወዲህ የዚያን ቀን ብቻ ነው ጠግቤ የበላሁት። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ እየላከ ይለምናል። ፈርቼ ነው፣ እኔም ልሞት ነበር ይላል አሉ። ይፍራ። አንተም ፈርተህ ነበር፤ የሰው ስም ግን አልጠራህም። ማን እንደበየዳቸው ጠይቀውህ ዝም ማለትህን አብረውህ የታሰሩት ነግረውናል።

ባለፈው እሑድ እናቱ እማማ ዘነቡ አረፉ። አንተ የሞትክ ጊዜ ከእማዬ ጎን ሰሌን ላይ ያደሩት እሳቸው ናቸው። ጡሩምባ አልተነፋም፣ ድንኳን አልተተከለም። አስከሬኑን ታደለና ከተፍኪ የመጡ ጥቂት ዘመዶቹ ተሸክመው በበራችን አለፉ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ተነሳች። ነይ፣ እሳቸው ምን አደረጉሽ አለችኝ። እኔ ከበሩ አልተነቃነቅኩም። ቆማ ጠበቀችኝ፤ ከዚያ ብቻዋን ሄዳ ከሬሳው ኋላ ተሰለፈች። ሬሳውን ከፊት ይዞ የነበረው ታደለ ዞር ብሎ አያት፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ።

ይቅርታው የእማዬ ይሁን። አንተን ማስታወሱን ለእኔ ተዉልኝ፤ እኔ አልረሳህም፣ አባዬ። ታደለ እያየኝ በሩን ዘጋሁት።

ልጅህ