የገጀረቷ ልብስ ሰፊ በቴሌቪዥን

ኅዳር 5፣ ከቀኑ 11 ሰ.

ከልምምድ መመለሴ ነው። ራሴን ያመኛል። ማስታወሻዬ፣ ካንተ በቀር የምጮኽበት የለኝም። ድራማዬን ጌታቸው አበላሸው። ዳይሬክተር ነኝ ባይ! ከአዲስ አበባ ከመጣ መንፈቁ ነው። አሜሪካኖቹ ከጦር ሰፈር ቴሌቪዥናቸው ግማሽ ሰዓት ለከተማው ቢፈቅዱ፣ እኛ ሰው ልናዋርድበት።

የጻፍኩት ስለ ወ/ሮ ሱን ነው፣ እሷው ፈቅዳ። ባሏ የዓዲ ኣበይቶ መንደር ሰው፣ ሾፌር፤ ከኮሪያ ዘመቻ አግብቷት መጣ። እዚሁ ገጀረት ሰፈር ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። የጌታቸው ተዋናይ ግን ኩሉን እስከ ጆሮ ግንዷ ስባ፣ መዳፎቿን ገጥማ፣ ቃል በተናገረች ቁጥር ታጎነብሳለች። የየት አገር ሰላምታ ነው? አልኩ።

«ታዲያ ጋሼ፣ ኮሪያዊ መሆኗን ሰው በምን ይወቅ?» አለ ጌታቸው።

ሁሉም ሳቁ።

ኅዳር 7

ወሬው ገጀረት ደርሷል። ልጆች ሱቋ በር ላይ መዳፍ እየገጠሙ ያጎነብሳሉ። አንዲት ሙሽራ ጨርቋን መልሳ ወሰደች፤ እናቷ፣ የመሳቂያ ሴት ስፌት አትለብሺም ብለዋት። ድራማው እንዲህ ከታየ ሱቁ ይዘጋል። ወ/ሮ ሱን ስፌቷን አላቋረጠች። እኔ ነኝ የምንተከተከው። ነገ ልምምድ ላይ ነይ አልኳት። ኣይፋል፣ አልመጣም አለች። ባሏ፣ በጦርነት መሀል እኔን ያገባሽ ሴት ካሜራ ትፈሪያለሽ? ብሎ አሳቃት። እሺ አለች።

ኅዳር 8

ልምምድ ላይ፣ ቀሚሱን የሙሽራዋን እናት ሆና ለምትጫወተው ስጪ አልናት። በቀኝ እጇ ዘረጋች፤ ግራዋን ከክንዷ ሥር ደገፈች፤ አንገቷን ሰበር አደረገች። በቃ።

ጌታቸው ዘለለ። «ይሄማ የእኛ ነው! የአገርዎን ያሳዩን እንጂ፣ እትዬ!»

«የአገሬ ነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። በአንድ እጅ ስሰጥ እናቴ እጄን ትመታኝ ነበር።»

«የኔም እናት!» አለ መብራት የያዘው።

ጌታቸው ግን ኮሪያዊ መሆኗን ተመልካች አያምንም አለ። እንግዲያው ጽሑፌን መልስ አልኩት። ለቅዳሜ ሌላ የሚያሳየው የለውም። አመነታ፣ ተሸነፈ፤ ማጎንበሱ ቀረ። ተዋናይዋ ተቀይማ ሄደች። ይቅናት! ወ/ሮ ሱን ራሷ ትጫወታለች።

ኅዳር 12፣ እሑድ ጠዋት

አሸነፍን! ትናንት ማታ ድራማው ታየ፤ ሓዝሓዝ ሰፈር፣ አንድ ባር ነበርኩ። መቆሚያ የለም። ወ/ሮ ሱን ቀሚሱን ስትዘረጋ አንዲት አሮጊት ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሊቀበሏት ሁለት እጃቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ ሰደዱ! «ያሳደገሽ ይባረክ፣ ጓለይ፣ ልጄ!» ባሩ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለራሴም ጭምር። ለምን እደብቃለሁ?

ኅዳር 14

ሱቋ ሙሽሮች ከነእናቶቻቸው ሞልተውበታል። ጨርቋን የወሰደችውም መጥታለች። ወ/ሮ ሱን ሻሂ ቀዳችላት። እኔ ብሆን ደጅ አቆማት ነበር።

ጌታቸው ሁለተኛ ክፍል ጻፍልኝ ይላል። መጨረሻው ላይ አገሯ ናፍቋት፣ እያለቀሰች ትሂድ፤ ተመልካች እንባ ይወዳል አለ። አይሆንም። የጥር ሠርግ ደርሶባት በየትኛው ጊዜዋ ታለቅሳለች? ሁለተኛ የስፌት ማኪና ታስገባለች። ሴቶች ቀጥራ ሙያዋን ታስተምራለች። ገጀረት ትኖራለች። አሁኑኑ ተቀምጬ እንዲሁ እጽፈዋለሁ። አንዲት እንባ ጣል ቢያደርግበት ግን፣ ያ ጌታቸው፣ እኔም እንደገና ጽሑፌን መልስ እለዋለሁ።