በክር የተለካ ጫማ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይ? ወገብሽስ እንዴት ነው? የወገቤን ነገር ከማን ሰማች እንዳትዪ፤ እደርስበታለሁ። እኛ ደህና ነን። ጋሼሽ ደህና ነው፤ የሥራ ቤቱ አዲስ ጣሪያ አላፈስ ስላለው የሚያማርርበት ነገር አጥቶ ሰሞኑን የጎረቤቱን አጥር መተቸት ጀምሯል። ልጃችን ቁልፌም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትሮጣለች፣ ከነቃችበት ጊዜ እስክትተኛ ትጠይቃለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ታውቂኝ የለ፣ በስልክ «እሺ»፣ «ደህና»፣ «በይ ቻው» ከማለት ያለፈ ነገር ከአፌ አይወጣም። እጄ ከአፌ ይሻላል። ደግሞ ለዚህ ያበቃሽኝ አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤት ስትውዪ እኔ ስፌት ላይ ነበርኩ፤ የጨረስሻቸውን ደብተሮች ለልብስ ቅድ እንዲሆኑኝ ትሰጪኝ ነበር። መቀሱን ከማንሳቴ በፊት አነባቸው ነበር። ስለዚህ የማውቀው ሁሉ ቁርጥራጭ ነው። ስለ ወንዞች የማውቀው እስከ ብብቱ ድረስ ነው፤ የቀረው ከእጅጌው ጋር ተቆርጦ ሄዷል። ይህም ደብዳቤ የተቆራረጠ ከመሰለሽ ገጣጥመሽ አንብቢው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሥራሽን ትተሽ ቤቴ መጥተሽ ልጅቷን ሦስት ቀን ስትጠብቂልኝ በቅጡ አላመሰገንኩሽም። ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ደጃፉ ላይ ቆመሽ፣ የመብራት ቆጣሪ አንብቦ እንደሚወጣ ሰው እጅሽን ጨብጬ ሸኘሁሽ። ምሳ እንኳ አልበላሽም። የምጽፍልሽ ያንን ላስተካክል ነው። የተበላሸ ስፌት ደግሞ መጀመሪያ ካልተፈታ አይስተካከልም፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምርልሽ።

ጋሼሽ ጣሪያው ሊቀየር ነው ተብሎ መጋዙንና መላጊያውን ሰብስቦ ቤት ገባ። «ሳምንቱን ሙሉ ሥራ የለም፤ ትልቁ ከተማ ሄደን ሁለት ሌሊት አድረን እንምጣ፣ አንቺና እኔ ብቻ» አለኝ። ሳቅኩበት። ከተጋባን አሥራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ ለመዝናናት ብለን ከቤት ወጥተን አናውቅም። «ልጅቷስ?» አልኩት። «አክስቷ አለች» አለኝ።

አንድም ሌሊት ተለይቻት እንደማላውቅ ታውቂያለሽ። ሠርግ ቢጠሩኝ ይዣት እሄዳለሁ፣ ካልሆነ እቀራለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ታለቅሳለች፣ ሆዷን ያማታል፣ ሰው ትፈራለች እላለሁ። ጋሼሽ ይህን ሁሉ አምስት ዓመት ሙሉ ሲሰማ ኖሮ፣ የዚያን ቀን ቀና ብሎ አየኝና «የምትፈሪው ታለቅሳለች ብለሽ ነው ወይስ አታለቅስም ብለሽ?» አለኝ። ያ ሰው ሚስማር ሲመታ አንዴ ነው፤ ሲናገርም እንደዚያው ነው። በእልህ «እሺ፣ እንሄዳለን» አልኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የፈራሁት አለማልቀሷን ነው። ሦስት ቀን ካንቺ ጋር ውላ አድራ፣ ስመለስ እኔን እንደ እንግዳ ብታየኝስ ብዬ ነው።

ለዚህም ነው አራት ገጽ መመሪያ የጻፍኩልሽ። ወተቷ ለብ ይበል፣ ፀጉሯ ከጫፉ ጀምሮ ይበጠር፣ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ አይዘጋባት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደግሞ «ብቻዋን ነው የምትተኛው፤ አብረሻት እንዳትተኚ፣ ታስለምጃታለሽ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ያቺን መስመር ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በአውቶቡሱ ውስጥ ገና ግማሽ መንገድ ሳንሄድ ሦስት ጊዜ ልደውል አልኩ። ጋሼሽ ስልኩን ተቀብሎኝ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና ቁልፉን ቆለፈበት። ሆቴሉ ባለ አራት ፎቅ ነው፤ እኛ ሦስተኛው ላይ ነን። ንጹህ ክፍል ነው፣ ምንም አይወጣለትም። ግን ጋሼሽ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ የቁምሳጥኑን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። «ማጠፊያው ወርዷል» አለ። እኔ መጋረጃውን አየሁት፤ ቅምቅማቱ በአንድ በኩል ሁለት ጣት ያህል አጥሯል። ለመዝናናት ነው የመጣነው ብለን ተቀመጥን። ትንሽ ተቀመጥን። ከዚያ ምንም ሳንነጋገር እሱ ከኪሱ መፍቻውን፣ እኔ ከኮሌታዬ ሥር መርፌዬን አወጣን። ፎጣ ይዛ የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ አንዳችንን ወንበር ላይ ቆሞ፣ አንዳችንን ወለል ላይ ተዘርፍጣ ስታገኘን «ጥገና ዛሬ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ጋሼሽ ዞር ሳይል «አይ፣ ጫጉላ ላይ ነን» አላት። ልጅቱ ሳቋ አምልጧት ፎጣውን በር ላይ ጥላ ሄደች።

ምሽት ላይ ደወልኩልሽ። «ተኝታለች» አልሽኝ። አለቀሰች ወይ ስልሽ «ትንሽ» አልሽ። ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አየሽ? ልጄ አለቀሰች ስባል ደስ ብሎኝ እንቅልፌን ለጠጥኩ።

በማግስቱ ፀሐይ አልጋው ላይ እስክትወጣ ተኛን። ከዚያ መንገድ ገባን። እዚያ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መኪናው መዓት ነው። ጋሼሽ ሊያሻግረኝ እጄን ያዘ፤ ከተሻገርንም በኋላ አልለቀቀውም። እኔ የሰውን ቅምቅማት እያየሁ፣ እሱ የሱቁን በር ሁሉ በጣቱ እያንኳኳ ስንዞር ዋልን። አንድ መናፈሻ ገብተን አግዳሚ ላይ ከመቀመጣችን በፊት ጎንበስ ብሎ ከሥር ሲያየው፣ ጥበቃው የጠፋበት ነገር መስሎት አብሮት ጎነበሰ። ሁለቱ እዚያ ሥር ሆነው ስለ እንጨት ማውራት ጀመሩ። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ስቄ ሳበቃ ነው ትዝ ያለኝ። ከጠዋት ጀምሮ ልጅቷን አላሰብኳትም። እጄን ወደ ደረት ኪሱ ሰደድኩ። ከዚያ ተውኩት። መርፌዬ ኮሌታዬ ሥር መኖሯን ቀኑን ሙሉ አላስብም፤ እዚያው እንዳለች ስለማውቅ ነው። ልጅቷንም የረሳኋት እንደዚያ ነው። አጠገቧ ማን እንዳለ ስለማውቅ ነው። ይህን ያኔ ብነግርሽ ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን ያኔ እኔም በደንብ አልገባኝም።

ከዚያ ጫማ ልንገዛላት ሱቅ ገባን። የእግሯን ልክ በነጭ ክር ወስጄ፣ ሁለቱን ጫፍ ቋጥሬ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ሻጭዋ ክሩን አየች፣ ዕድሜዋን ጠየቀች። አምስት አልኳት። «ለአምስት ዓመት ልጅ ይሄ ያጥራል እናቴ፣ አንድ ቁጥር ከፍ ብናደርገው» አለችኝ። እኔ መቼም ዝምተኛ ነኝ፤ በሥራዬ ሲመጡብኝ ግን አልችልም። «ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ለክቻለሁ፤ አንቺንም ከመንገድ ማዶ አይቼሽ የቀሚስሽን ቁመት እነግርሻለሁ» አልኳት። ጋሼሽ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሰማያዊውን፣ ክሩ ያለውን አስጠቅልዬ ወጣሁ።

የቀረውን አንቺም ነበርሽበት። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «እማ፣ እማ» ትላለች። እንደ እንግዳ አላየችኝም። ግን ከትከሻዋ በላይ ሆኜ እግሯን አየሁት፤ አዲስ ቢጫ ጫማ። አንቺም ማየቴን አየሽ። «አሮጌው አውራ ጣቷን እየቆነጠጣት ነበር፤ ሳልጠይቅሽ በመግዛቴ ይቅርታ እትዬ» አልሽ። እኔ ተቀምጬ ሰማያዊውን አጠለቅኩላት። አልገባም። ገፋሁት። «እማ ያመኛል» አለች። አንድ ጣት ሙሉ ያጥራል። አንቺ ያለ ክር ያለ ሜትር የገዛሽው ልክክ ብሏል። ቦርሳሽን ያነሳሽው ያኔ ነው። እጅሽን የጨበጥኩሽም ያኔ ነው።

ክሩን የቋጠርኩት ከአምስት ወር በፊት ነው፤ ለካሁ ብዬ እስከ ጉዞው ቀን የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ ተውኩት። በየቀኑ ስለማያት ማደጓ አልታየኝም። አንቺን ግን በዓመት ሁለቴ፣ ያውም በቆመሽበት እንድታያት አድርጌ፣ ቶሎ ቶሎ እሸኝሽ ነበር። ስለዚህ በመጣሽ ቁጥር በዐይንሽ ለክተሻት ትሄጂያለሽ። እኔ ይህን ሁሉ ዓመት አላወቅኩም።

አሁን ስለ ወገብሽ። አንቺ በሄድሽ ማግስት ሳፋ አቅርቤ እግሯን ሳጥባት የእግሯን ሁለተኛ ጣት ያዘችና «የአክስቴም እንደዚህ ነው፤ ከአውራ ጣቷ ይበልጣል። አንድ ሳፋ ውስጥ አብረን ታጥበን አይቻለሁ። ያንቺ ግን እንደዚህ አይደለም» አለችኝ፣ እግሬን እያየች። ሳሙናውን ፈልጌ አጣሁት። እጄ ላይ ነበር። ቀጠለችና «አክስቴ ቤቷ አልጋ የላትም እንዴ?» አለች። ለምን ስላት «ወንበር ላይ ነዋ የምትተኛው! ነይ አጠገቤ ስላት፣ እማ አትተኚ ብላለች አለችኝ። ጣቷን ሰጠችኝ። ጣቷን ይዤ ተኛሁ» አለችኝ።

ያ ወንበር ጋሼሽ መደገፊያውን ሳይሠራለት የተወው ነው። ሁለት ሌሊት።

እህቴ፣ ያቺ መስመር ውሸት ናት። ቁልፌ ብቻዋን ተኝታ አታውቅም። ወደዚህ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ እግሯን ጎኔ ላይ ሰክታ ነው የምታድረው። ያቺ ትንሽ አልጋ የታጠፈ ልብስ ማስቀመጫ ነበረች፤ ልሄድ ስል ልብሱን አንስቼ አንሶላ አነጠፍኩባት፣ ውሸቴ ማደሪያ እንዲኖረው ብዬ። ትራሷን ግን ከትራሴ አጠገብ ረስቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጥሽም። አይተሽዋል፣ ገብቶሻል፤ ገብቶሽም ታዘዝሽኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ እኔ በሰፋሁት ፎጣ ጠቅልለሽ እጄ ላይ ያስቀመጥሽልኝ ቀን አንድ ቃል አስገብቼሽ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ አክስቷ ብቻ ነሽ ብዬ። ሃያ ዓመትሽ ነበር። እኔ ቆሜ፣ አንቺ አራስ አልጋ ላይ ተኝተሽ። ያንን ቃል አንድም ቀን፣ በቀልድ እንኳ ሳታፈርሺው ይኸው እስከ ዛሬ አለሽ። ያ ቃል እኔ የሰፋሁት ስፌት ነው። የሰፋሁትን እኔው ተርትሬዋለሁ፤ ጋሼሽም ምስክር ነው። ደክሞኝ ወይም አዝኜልሽ እንዳይመስልሽ። እናቷ ነኝ። አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ይህን የሚወስድብኝ እንደሌለ አውቄያለሁ፤ አንቺም ልትወስጂ አስበሽ እንደማታውቂ እንዲሁ። ፍርሃቴ ካለቀ ታዲያ ቃሉ ለምን ይቀመጣል?

ጋሼሽ ያንን ወንበር ሰብሮ ለማገዶ አደረገው። ባዶው ክፍል ውስጥ ሰፊ አልጋ እየሠራ ነው። ለማን ነው ስለው «ወገቡን ለሚያመው ሰው» ይለኛል። አራቱን ገጽ መመሪያ ለቁልፌ ቀሚስ ቅድ አደረግኩት። ሰማያዊው ጫማ ስፌት መኪናዬ ላይ ነው፤ የመርፌ ማስቀመጫ ሆኗል። ዐይኔ አይሳሳትም ልል ስል እሱን አየዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር እንደገና ልንሄድ ነው፤ ሆቴሉ ውስጥ ያልነካነው አንድ መሳቢያ አለ ብሎ ጋሼሽ እንቅልፍ አጥቷል። አንቺ ግን እኛ ከመሄዳችን ሳምንት ቀድመሽ ነይ፤ ስንመለስም ቶሎ አትሂጂ። ልጅቷ የጣቷን ነገር አልረሳችም። ትናንትም ለምን የኔ እንደ እማ አይደለም ብላ ጠየቀችኝ። አክስትሽ ስትመጣ ሦስታችን ቁጭ ብለን እናወራለን አልኳት። መልሱን ፈርቼ አይደለም። የዚያ ታሪክ እኔ ጋ ያለው እስከ ብብቱ ነው፤ የቀረው ከእጅጌው ጋር አንቺ ዘንድ ነው።

ከዚህ ወረቀት ጋር ነጭ ክር አስቀምጫለሁ። ዛሬ ጠዋት የለካሁት እግሯ ነው። አትተማመኚበት፤ ደብዳቤው እስኪደርስሽ ያጥራል። መጥተሽ በዐይንሽ ለኪያት።

ሳልሽን ይንቀልልሽ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ መንገድሽ ቀና፣ ደጅሽ ሰላም ይሁን።

ያሳደገችሽ እህትሽ