የሼህ እንድሪስ ገመድ

ሸዋ ሮቢት፣ የካቲት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ዛሬ ማስተርጎሙ አደከመኝ። ቅድመ አያቶቹ በባርነት የተሸጡበት አንድ ጃማይካዊ ፎቶ አንሺ የጥቁርን ሕዝብ ታሪክ ፍለጋ መጥቶ፣ እዚሁ አቅራቢያ ጀውሃ፣ ሼህ እንድሪስ ቤት ይዤው ሄድኩ። ሼሁ ከአያታቸው የቀረ ገመድ አወጡ። እንግዳው ምን ይሠራበት እንደነበር ጠየቀ።

«አያቴ እንደሱ ያለውን ሰው እያሰረ ወደ ባሕር ይነዳበት ነበር። እንዳትደብቀው ልጄ!» አሉኝ።

እኔ ባለዲግሪው «ጨው ይጭኑበት ነበር» ብዬ ተረጎምኩ። ፊቱን ሳየው እውነቱ ከአፌ አልወጣም።

«ይህ ገመድ ከአገሬ ጋር ያገናኘኛል» አለና በራሱና በሼሁ ትከሻ ላይ ጣለው። ካሜራውን ለእኔ ሰጥቶ አቀፋቸው። አነሣኋቸው።

የሼሁ እንባ መጣ። «ነገርከው?»

«አዎ።»

«አልሐምዱሊላህ! ሰምቶም አቀፈኝ።»

ነገ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። ሳይሄድ ልነግረው ይገባል። ግን ያን እቅፍ መልሶ ቢወስድባቸውስ?