አንድ ሰዓት በመቶ አሥር ዲግሪ

ታኅሣሥ 8

የወሩ ልኬት። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው ኦቭኔ ሰማንያ ዲግሪ ላይ ነው። የፕላስቲክ ሉሆቼ አሥራ አራት ወር ሞላቸው። የሚያሳልፉት ጋዝ ካለፈው ወር ትንሽ ቀንሷል። እንደጠበቅኩት።

እህቴ ትናንት "ይኼን ሁሉ ወር ምንድን ነው የምትጠብቂው?" አለችኝ። አስረዳኋት። ፕላስቲክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሞለኪውሎቹ ሳይደላደሉ ይደርቃሉ፤ ተሯሩጦ ታክሲ ውስጥ እንደገባ ሰው። በመሃላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። ሰማንያ ላይ ሲቆዩ ቀስ በቀስ ይጠጋጋሉ፣ ባዶው ይጠባል፣ ጋዙ ማለፊያ ያጣል። ከመቶ ካለፈ ግን ሁሉም ይላቀቃል። የቆዩበት ጊዜ በሙሉ ይሰረዛል።

"ታዲያ ለዚህ ነው ሳታገቢ የቀረሽው?" አለች። ሳቅኩ። ደስ ግን አላለኝም። ሁለተኛ ዲግሪዬ እነዚህ ሉሆች ናቸው... ሌላ ምን አለኝ?

ታኅሣሥ 19

ፉጨት የለም። ሲሠራ ስለሚያፏጭ ነው እንዲህ የምለው፣ የሥራ ባልደረባዬን። ሚስቱ ወልዳ የሁለት ሳምንት ፈቃድ ላይ ነው። የሁለት ሰው ሥራ እኔ ላይ። የላቦራቶሪው የጠርሙስ ማድረቂያም ዛሬውኑ ተበላሸ። ጠርሙሶቹን እንደምንም አደረቅሁ። ራሴን አሞኛል።

ጥር 8

ጋዙ ልክ እንደ መጀመሪያዎቹ ቀናት እየፈሰሰ ያልፋል። ሦስቴ ለካሁ። ባዶው ቦታ ተመልሶ ተከፍቷል። የአንዱ ሉህ ጠርዝ ጎብጧል። ኦቭኔን ከመቶ በላይ ያደረገ ሰው አለ። አሥራ አምስት ወር ውሃ በላው።

ማን? ፉጨት ከአራት ቀን በፊት ኦቭኑን ሲከፍት አይቼዋለሁ። "ናሙና ላስቀምጥ ነው እትዬ፣ ሙቀቱን አልነካሁም" አለ። ውሸታም። ለአለቃ ነገርኩ።

ጥር 11

ፉጨት ታገደ። ዕቃውን በካርቶን ይዞ ሲወጣ "አራስ አለችኝ እኮ" አለ። ለአለቃ ነው ያለው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም። እኔስ? የእኔን አሥራ አምስት ወር ማን ይመልሳል? እሰይ አልኩ። አዎ፣ አልኩ።

ጥር 14

አለቃ "የሥራ ውሉን ለማቋረጥ ማስረጃ አምጪ" አለኝ። ፕላስቲኩ ራሱ ይመሰክራል። ለመጠባበቂያ ካስቀመጥኳቸው ሉሆች አንዱን ወስጄ አንድ ሰዓት መቶ አሥር ላይ አቆየሁት። አሁን ሰማንያ ላይ ነው፤ በየቀኑ እለካዋለሁ። ጥር 8 ያገኘሁትን ቁጥር በስንተኛው ቀን ከሰጠኝ፣ ሉሆቼ ከተበላሹ ያን ያህል ቀን ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። አራተኛው ቀን ላይ ይገጥማል። ያኔ ምን እንደሚል እናያለን።

ጥር 18

አራተኛ ቀን። አልገጠመም። መሣሪያው ይሆን?

ጥር 25

አሥራ አንድ። አሁንም አልገጠመም... ምግብ አልበላ አለኝ።

የካቲት 3

ገጠመ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን።

ከጥር 8 ወደኋላ ቆጠርኩ። ታኅሣሥ 19። ፉጨት ቤቱ ነበር። ይኼንኑ ደብተር ገለጥኩ። "ጠርሙሶቹን እንደምንም አደረቅሁ።" በምን አደረቅሻቸው? በገዛ ኦቭኔ። አንድ ሰዓት፣ መቶ አሥር። ሉሆቹን አስቀድሜ ላወጣ ነበር፣ እህቴ ደወለች፣ ረሳሁት። ጠርሙሶቹን አወጣሁ፣ ወደ ሰማንያ መለስኩ፣ ሄድኩ።

ሰውየው አልዋሸም። እኔ ነኝ።

የካቲት 4

ለአለቃ ነገርኩት። "ቀስ በይ" አለኝ። "ይኼ ከወጣ ዲግሪሽም አብሮ ነው የሚሄደው። ዝም ብለሽ አዲስ ጀምሪ።" ለእኔ አዝኖ መሰለሽ? ያለ ማስረጃ ያገደው እሱ ነው።

እውነቱን ልጻፍ፦ እሺ ልለው ነበር። የምሳ ሰዓቱን በሙሉ እሺ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ምሳዬም ተበላልኝ። ከሰዓት ግን የሆነውን ሁሉ በሦስት ገጽ ጻፍኩ፣ የልኬቱን ሠንጠረዥ አያይዤ መዝገብ ቤት አስገባሁ። ጀግና አይደለሁም። ያቺ አራስ ከሐሳቤ አልወጣ ብላኝ ነው።

የካቲት 12

ፉጨት ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጠርሙሱን ማጠቡን ሳያቆም "ሚስቴ አንድ ቀን እንኳ አላመነችኝም" አለ። "'አንድ ነገርማ አድርገሃል' ስትለኝ ነው የከረመችው። እሷን ምን ልትያት ነው?"



የካቲት 15

መሥሪያ ቤቱ ይሰጠኝ የነበረው የትምህርት ድጋፍ ተሰረዘ። አዲስ ሉሆች አስገባሁ፤ በራሴ ወጪ፣ በትርፍ ሰዓቴ። አንደኛ ቀን። ኦቭኑን ሰማንያ ላይ አድርጌ ዘወር ስል ፉጨት ከኋላዬ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ ዲግሪውን አነበበ፣ ለኦቭኑ አዲስ ባዘጋጀው መዝገብ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈ። እስክሪብቶውን አቀበለኝ።

"ፈርሚበት" አለ።

ፈረምኩ።